ዋስ ያለው ቀብድ

ሲልቨር ስፕሪንግ

መስቀል ባለፈ በሳምንቱ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት ያለው እህቴ ቤት ገባሁ። በማግስቱ ጠዋት፣ ቡናው እስኪፈላ፣ ወደ ምድር ቤቱ ወረድኩ። እዚህ «ቤዝመንት» ይሉታል። የእህቴ ቤት ተዳፋት ላይ የተሠራ ስለሆነ ምድር ቤቱ በአንድ ወገን በቀጥታ ወደ ጓሮ የሚያስወጣ በር አለው። እናታችን ከአዲስ አበባ ስትመጣ ደረጃ ሳትወጣና ሳትወርድ በዚያ በር እንድትገባና እንድትወጣ ነበር ሐሳቡ። ክፍሉን በስልክ ብዙ ጊዜ ገልጻልኛለች፤ አልጋው በየት በኩል እንደሚሆን፣ መስኮቱ የጠዋት ፀሐይ እንደሚያገኝ።

ያየሁት ሌላ ነው። ወለሉ ግማሹ ሴራሚክ ለብሷል፣ ግማሹ ባዶ ሲሚንቶ ነው። የጂፕሰሙ መጋጠሚያ አልተደፈነም። ሽቦ ከጣሪያው ተንጠልጥሏል። መታጠቢያ ክፍሉ ገብቼ ውሃ ብለቀው ወደ መፍሰሻው መሄዱን ትቶ ጥግ ላይ ተጠራቀመ፤ የወለሉ ተዳፋት ተገልብጦ ነው የተነጠፈው። ግድግዳው ሥር ሻጋታ ጀምሯል።

«ሁለት በረዶ አለፈበት» አለችኝ እህቴ ከደረጃው አናት ላይ ሆና።

ቡናውን እየጠጣን ነገረችኝ። ከሥራ ተቋራጩ ጋር የተዋዋለችው በ24,000 ዶላር ነው። ሲፈራረሙ 8,000 ሰጠችው። ሜሪላንድ ውስጥ ቤት የሚያድስ ተቋራጭ ውል ሲፈረም ከጠቅላላው ዋጋ ከሲሶ በላይ መቀበል በሕግ ተከልክሏል፤ ይህንን የነገራት ራሱ ነው፣ እሷም ሕግ የሚያከብር ሰው ነው ብላ ልቧን ጣለችበት። ግድግዳው ሲቆም ሌላ 8,000 ጨመረችለት። ከዚያ በኋላ በሳምንት አምስት ቀን የሚመጣው ሰው ሁለት ቀን፣ ቀጥሎም አንድ ቀን መምጣት ጀመረ፤ በመጨረሻም ስልኩን ማንሳት ተወ።

ይህን ታሪክ በደንብ አውቀዋለሁ። አዲስ አበባ ቤቴን ስሠራ ለበርና መስኮት ከዋጋው ከግማሽ በላይ ቀብድ ሰጥቼ ነበር። የተቀበለኝ ሰው ብረት ቤቱን በአንድ ሌሊት ነቅሎ ሄደ። ጣቢያ ሄድኩ፤ ጉዳዩ የፍትሐ ብሔር ነው ተባልኩ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ቀብድ ግልጽ ነው፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፣ የተቀበለው ቢተው ግን እጥፉን ይመልሳል። መብቴ እጥፍ ነበር። ግን ከማን ልቀበል? መጥሪያው የሚደርስበት አድራሻ እንኳ አልነበረኝም። ያን ክረምት መስኮቱን በላስቲክ ሸፍነን አሳለፍነው። ልጆቼ ዛሬም ዝናብ ሲዘንብ የላስቲኩን ድምፅ ያነሱታል።

ስለዚህ እህቴ «ጉዳዬ በዚህ ወር ይሰማል፤ ከተፈረደልኝ የሚከፍለኝ እሱ ሳይሆን ፈንዱ ነው» ስትለኝ ስኒውን አስቀምጬ ቀና አልኩ። ያን ጊዜ ያጣሁት መልስ ይሄ ነበርና።

ሜሪላንድ የመኖሪያ ቤት እድሳት የሚሠሩ ተቋራጮችን ፈቃድ እንዲያወጡ ያስገደደችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1962 ባወጣችው ሕግ ነው። ሥራውን የሚመራው የቤት እድሳት ኮሚሽን በግዛቲቱ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሥር ነው። ፈቃድ የሚፈልግ ሰው ቢያንስ የሁለት ዓመት ልምድ ማሳየት፣ ፈተና ማለፍና ዕዳውን መክፈል የሚችል መሆኑን ማስረዳት አለበት። ይህ ሁሉ በሌላ አገርም አለ። እኔን ያስደነቀኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ባለፈቃዶቹ ሁሉ ከፈቃድ ክፍያቸው ጋር ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ያ ገንዘብ ፈንድ በሚባል አንድ ቋት ውስጥ ይቀመጣል፤ ከመካከላቸው አንዱ የሰው ቤት አበላሽቶ ወይም ጀምሮ ጥሎ ሲሄድ ባለቤቱ ከቋቱ ይካሳል። ግብር ከፋዩ ሕዝብ አይደለም የሚከፍለው። ታማኞቹ ናቸው ለከዳተኛው የሚከፍሉት።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። እድር የምናውቅ ሰዎች ነንና ነገሩ ቶሎ ይገባናል። አደጋው ማን ደጅ እንደሚደርስ አይታወቅም፤ እንደሚደርስ ግን ይታወቃል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ይዋጣል።

የጎረቤት እናት

ሰንበት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እህቴ ወደ አንዲት ጎረቤቷ ይዛኝ ገባች። በሰባዎቹ ውስጥ ያሉ፣ ለረጅም ዓመታት የሆቴል አልጋ እያነጠፉ ቤታቸውን ከፍለው የጨረሱ እናት ናቸው። ምሳ አቀረቡልን። የኩሽናቸው ቁም ሳጥኖች በር የላቸውም፤ ምድጃው ያለቦታው መሐል ላይ ቆሟል።

ኩሽናቸውን ሊያድስ ገንዘብ የተቀበላቸው የሀገር ልጅ ነው። ውል የለም፣ ደረሰኝ የለም፣ ፈቃድም የለውም። 15,000 ዶላር በጥሬው ቆጥረው ሰጡት። አሮጌውን ኩሽና አፍርሶ ሄደ።

እህቴ እንደ እሷ ለኮሚሽኑ እንዲያመለክቱ ልትረዳቸው ሞክራ ነበር። የተገኘው መልስ አጭር ነው። ቋቱ የሚክሰው ፈቃድ ያለው ተቋራጭ ያደረሰውን ጉዳት ብቻ ነው። ያለ ፈቃድ መሥራት ሜሪላንድ ውስጥ ወንጀል ነው፤ ሰውየው ተከሶ ጥፋተኛ ከተባለ ፍርድ ቤት የወሰደውን እንዲመልስ ሊያዘው ይችላል። ያ ግን እሱ ከተገኘና ካለው ነው። ቋቱ ለእሳቸው ዝግ ነው።

«እማማ፣ ፈቃዱን አልጠየቁትም ነበር?» አልኳቸው። ወዲያው ጥያቄዬ ራሴን ከበደኝ።

አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ እንዴት ብዬ? ከቤቴ እንጀራ የቆረሰ ሰው ነው። ፈቃድህን አሳየኝ ብለው ሌባ ነህ ያልኩት አይመስለውም?»

ይህ ቃል እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። በጆርጂያ አቬኑ ሽቅብ ቁልቁል ስመላለስ፣ የአማርኛ ጽሑፍ ባለባቸው ምግብ ቤቶችና ገበያዎች በር ላይ የተለጠፉትን የሥራ ማስታወቂያዎች ሳነብ፣ የእሳቸውን ድምፅ እሰማለሁ። ቀለም፣ ቧንቧ፣ ኤሌክትሪክ፣ ቤዝመንት ይላሉ፤ ስልክ ቁጥርም አላቸው። የአብዛኞቹ ሰዎች እጅ የተባረከ፣ ሥራቸውም የጸዳ እንደሚሆን አልጠራጠርም። ሆኖም በሜሪላንድ ሕግ የቤት እድሳት ማስታወቂያ የፈቃድ ቁጥር ሊኖረው ይገባል። በመንገዱ ላይ ቆመው ያየኋቸው የብዙ ተቋራጮች መኪኖች ጎናቸው ላይ «ኤምኤችአይሲ» የሚል የኮሚሽኑ ስም ምህጻረ ቃልና ከሥሩ ቁጥር አላቸው። ያን ቁጥር ማንም ሰው በስልኩ ከኮሚሽኑ መዝገብ ላይ አይቶ ማጣራት ይችላል። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። በእኚህ እናትና በጠፋው 15,000 ዶላራቸው መካከል የነበረው ያ አንድ ደቂቃ ነው፤ ያን ደቂቃ የዘጋባቸው ደግሞ ስንፍና አይደለም፣ ይሉኝታ ነው።

ሀንት ቫሊ

የክርክሩ ቀን በጠዋት ተነስተን ወደ ሰሜን ነዳን። ባልቲሞርን በቀለበት መንገዱ አልፈን ወደ ሀንት ቫሊ የሚወስደውን አውራ ጎዳና ያዝን። ጥቅምት ነውና ዛፉ ሁሉ ቀልቷል። እህቴ መሪውን ይዛ ዝም ብላለች። የኋላው ወንበር ላይ ማኅደሯ አለ። ውሉን፣ የሁለቱን ቼኮች ቅጂ፣ በየቀኑ ያነሳቻቸውን ፎቶዎች፣ በስልክ የተላላኩትን መልእክት ሁሉ አትማ፣ የሌላ ተቋራጭ የዋጋ ግምትም ጨምራ ይዛለች።

እዚህ ለመድረስ መንገዱ አጭር አልነበረም። መጀመሪያ አቤቱታ ለኮሚሽኑ አስገባች። ኮሚሽኑ ለተቋራጩ ጽፎ መልሱን ጠየቀ። ቀጥሎ ሰውየው ተመልሶ ላስተካክል አለ፤ እሷም ፈቀደች። ባትፈቅድ ኖሮ ጉዳቷን ራሷ ትችል ነበር። ሕጉ ተቋራጩ በቅን ልቦና ላስተካክል ሲል ያለ በቂ ምክንያት የከለከለ ባለቤት እንዳይካስ ያደርጋልና። ቀጠሮ ሰጣት፤ አልመጣም። ሌላ ቀጠሮ ሰጣት፤ አልመጣም። ያልመጣባቸውን ቀናት መዝግባ ያዘች። ከዚያ በኋላ ነው የካሣ ጥያቄዋን ያቀረበችው። ጥያቄው ጉዳቱ ከታወቀ ወይም ሊታወቅ ይገባው ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ በሦስት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ በሐዘንና በተስፋ ሲያመነታ የሚያልፍበት ሰው ጥቂት አይሆንም።

ክርክሩ የሚሰማው በግዛቲቱ የአስተዳደር ጉዳዮች ችሎት ነው። ክፍሉ ትንሽ ነው። ከፊት ዳኛዋ ተቀምጠዋል፤ በአንድ ወገን እህቴ፤ በሌላው ወገን የፈንዱ ጠበቃ፤ ሦስተኛው ወንበር፣ የተቋራጩ፣ ባዶ ነው። ዳኛዋ መጥሪያው በትክክል መላኩን አረጋገጡና በሌለበት ቀጠሉ። አስተርጓሚ በስልክ ገባ። እህቴ እንግሊዝኛ ትችላለች፤ ግን በሕግ ቋንቋ አንድ ቃል ቢያመልጠኝ ብላ ነው የጠየቀችው።

የፈንዱ ጠበቃ ለምን እንደተቀመጠ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። እሱ የቋቱ ገንዘብ ጠባቂ ነው። ገንዘቡ የታማኞቹ ተቋራጮች ላብ ስለሆነ ያለማስረጃ እንዳይወጣ ይጠይቃል። ከተቋራጩ ጋር ዝምድና አለሽ? እሱ ዘንድ ተቀጥረሽ ሠርተሻል? ቤቱ ውስጥ ትኖሪያለሽ? ዘመዱ ወይም ሠራተኛው የሆነ ሰው አይካስም፤ በቤቱ የማይኖርና ከሦስት በላይ መኖሪያ ቤት ያለው ባለሀብትም አይካስም። አዲስ ቤት አሠርቶ የተጎዳ ሰው ደግሞ የሚካሰው ከዚህ ሳይሆን ከሌላ ፈንድ ነው። ጠበቃው በትሕትና ነበር የሚጠይቃት፤ ሲጨርስም ማስረጃዋ በቂ መሆኑን ለዳኛዋ ተናገረ።

አስተርጓሚው ከመጀመሪያው ጀምሮ «ፈንዱ» እያለ ነበር። ዳኛዋ ሙሉ ስሙን ሲጠሩት ግን ትንሽ ቆም አለ። ከዚያ «የዋስትናው ገንዘብ» አለ። እህቴ ወደ እኔ ዞር አለች። ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ሰው ነው።

አያታችን በአገራቸው የታወቁ ዋስ ነበሩ። ሰው በሬ ሲሸጥ፣ እህል ሲበደር፣ በዳኛ ፊት ሲቆም «ዋስ ጥራ» ይባላል፤ እሳቸው ተነስተው «እኔ አለሁ» ይላሉ። ከዚያ በኋላ ጠያቂው የተበዳሪውን ፊት አያይም፤ የእሳቸውን ነው የሚያየው። ዋስ የተጠየቀ ሰው ተሰደብኩ አይልም ነበር። ዋስ ያላገኘ ሰው ነበር የሚያፍረው።

ከችሎቱ ስንወጣ ሒሳቡን መኪናው ውስጥ በወረቀት ሠራነው። ሥራው ተጀምሮ ከተበላሸና ሌላ ተቋራጭ አስተካክሎ የሚጨርሰው ከሆነ፣ የመጀመሪያው የተቀበለው ላይ ሁለተኛው የሚጠይቀው ተገቢ ዋጋ ይደመራል፤ ከዚያ ላይ የመጀመሪያው ውል ዋጋ ይቀነሳል። እህቴ 16,000 ከፍላለች፤ ሁለተኛው ተቋራጭ ለማስተካከልና ለመጨረስ 19,500 ጠይቋል፤ ድምሩ 35,500 ነው። የውሉ ዋጋ 24,000 ሲቀነስ 11,500 ይቀራል። የደረሰባት ጉዳት ይህ ነው። ተቋራጩ ምንም ሳይሠራ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ የከፈለችው ሁሉ ይመለስላት ነበር። በማናቸውም መንገድ ግን ለተቋራጩ ከከፈለችው በላይ አታገኝም። ለአንድ ባለቤት የሚከፈለው ከፍተኛ መጠንም ለዓመታት 20,000 ዶላር ነበር፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2022 ወዲህ 30,000 ሆኗል። ለአንድ ተቋራጭ ጥፋት ከቋቱ በጠቅላላው የሚወጣውም ወሰን አለው።

ሕጉ የማይክሰውም አለ። የጠበቃ ክፍያ አይካስም። ያልተኛችባቸው ሌሊቶች አይካሱም። እናታችን በስልክ «ክፍሌ አለቀ ወይ?» እያለች የጠየቀችባቸው ሁለት ዓመታት በየትኛውም ቀመር አይገቡም። እህቴ እስክሪብቶውን አስቀምጣ «ይሁን፤ ቢያንስ ሸክሙ የእኔ ብቻ አይደለም» አለች። ፊቷ ላይ ያየሁት እፎይታ ከገንዘቡ የሚበልጥ ነበር። በደሏን አንድ አካል ቁጭ ብሎ ሰምቷታል።

ከዳተኛውም በዚህ አያመልጥም። ፈንዱ የከፈለውን ያህል በዓመት ከ10 በመቶ ከማያንስ ወለድ ጋር እስኪመልስ ፈቃዱ ታግዶ ይቆያል። ዋሱ ከፍሎ ወደ ባለዕዳው ይዞራል፤ አያታችንም እንዲሁ ነበር የሚያደርጉት።

በጎረቤት ግዛት በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ይህን ስነግረው እነሱ ዘንድ የተለየ መሆኑን አስረዳኝ። ቨርጂኒያም የካሣ ፈንድ አላት። ነገር ግን እዚያ ባለቤቱ መጀመሪያ ፍርድ ቤት ሄዶ በተቋራጩ ላይ የማታለል ወይም ያልተገባ አሠራር ፍርድ ማግኘት አለበት፤ ፈንዱ ጋ የሚሄደው ከዚያ ወዲያ ነው። በፖቶማክ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ማዶ ለሚኖሩ ሁለት እህትማማቾች የበደሉ መፍትሔ ሁለት ዓይነት ነው። የአክስቴ ልጅ ምክር አጭር ነበር። ፈቃዱን ፈልጉ፣ ውሉን አስጽፉ፣ በቼክ ክፈሉ፣ ሥራውን ፎቶ አንሱ፤ የየግዛታችሁን ሕግ ሳታዩ ቀብድ አትስጡ።

ከመሄዴ በፊት እነዚያን እናት ተሰናበትኳቸው። ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ያሉ ወጣቶች ቁም ሳጥኖቹን በነፃ ሊሠሩላቸው ቃል ገብተዋል፤ የተባረኩ ልጆች ናቸው። እማማ ግን ሲሸኙኝ እጄን ይዘው የነገሩኝ ሌላ ነው። ልጃቸው ጣሪያ ልታስጠግን ስትል ከተቋራጩ ፊት ቁጭ ብለው ቁጥሩን ራሳቸው ጠይቀውታል። «ደስ ብሎት ነው ያሳየኝ። አልተቆጣም» አሉኝ። ደጋግመው «አልተቆጣም» አሉኝ።

አዲስ አበባ

የእህቴ ጉዳይ የተወሰነው እኔ ከተመለስኩ በኋላ ነው። ዳኛዋ የውሳኔ ሐሳባቸውን ጽፈው ለኮሚሽኑ ላኩ፤ ኮሚሽኑ ተቀብሎ አጸደቀው፤ 11,500 ዶላር። አዲሱ ተቋራጭ የመታጠቢያ ክፍሉን ወለል ነቅሎ ተዳፋቱን አስተካክሏል። እህቴ በስልኳ ቪዲዮ ውሃው ወደ መፍሰሻው ሲወርድ ለእናታችን አሳየቻት። እናታችን ሌላ ነገር አልተናገረችም፤ «አሁን ወረደ» አለች።

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ቋት ለግለሰብ ቤት ሠሪ የለንም። ትልልቅ ተቋራጮች በደረጃ ተመዝግበው ፈቃድ ያወጣሉ። የግለሰቡን ቤት የሚያጨርሱት ግን ግንበኛው፣ አናጢው፣ ብረት ሠሪውና ሴራሚክ አንጣፊው ናቸው፤ እነሱ የሚሠሩት በቃልና በቀብድ ነው። የእነዚህ ባለሙያዎች ማኅበራት ከአባሎቻቸው ጥቂት ጥቂት አዋጥተው «የእኛ አባል ቢከዳህ እኛ አለን» ቢሉ ያን መኪና ላይ የተጻፈ ቁጥር የሚመስል ክብር ያገኛሉ ብዬ አምናለሁ። ታማኙ ሠራተኛም ነው የሚጠቀመው፤ ዛሬ በከዳተኛው ስም አብሮ የሚጠረጠር እሱ ነውና። እድርን የፈጠረ ሕዝብ ይህን ለመፍጠር ከሩቅ አገር መማር አያስፈልገውም።

እስከዚያው እኔ ማድረግ የምችለውን አደረግኩ። የግቢያችን በር ዝጎ ስለነበር ባለፈው ወር ብረት ሠሪ ጠራሁ። ዋጋ ተስማማን። ግማሹን ቀብድ ጠየቀኝ። ሲሶውን እሰጣለሁ አልኩት፤ ቀሪውን በሥራው ልክ። ወረቀት አወጣሁና ስሙን፣ የመታወቂያ ቁጥሩን፣ የሚያልቅበትን ቀን ጻፍን። ከዚያ ያን ለዓመታት ለመጠየቅ ያፈርኩበትን ቃል አወጣሁ።

«ዋስ ትጠራልኛለህ?»

ወጣቱ ለአፍታ አየኝ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ደወለ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ከመንገዱ ማዶ የብረታ ብረት ሱቅ ያላቸው ሽማግሌ መጡ። ወረቀቱን መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። እስክሪብቶ ጠየቁኝ፤ ከልጁ ስም በታች ስማቸውን ጻፉ፤ ፈረሙ።

«እኔ አለሁ» አሉ።

ቀብዱን ቆጥሬ ሰጠሁት።